የጠፋ አገርና የተለወጠ ሕፃን፤ ስለ ፑሽኪን «የታላቁ ጴጥሮስ ጥቁር ሰው» የቀረበ ትችት

በአገራችን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ተገናኝተው ወሬ ሲጀምሩ፥ ብዙ ሳይቈይ የሚመጣ ጥያቄ አለ። ይኸውም «አገርህ ወዴት ነው? የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ ለክፋት አይጠየቅም። በቀድሞው ዘመን የርስት ሥርዓት ባለበት አገር ሁሉ፥ ሰው መሬት የሚያገኘው የዘር ሐረጉን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቈጥሮ ነበር። በጋብቻም ጊዜ ዝምድና እንዳይገናኝ ሰባት ቤት ይቈጠር ነበር፤ ዛሬም የሚቈጥር አለ። የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው የ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የርስቱን ሥርዓት አስቀርቶታል፤ ጥያቄው ግን አልቀረም።

ይህን የምለው ጥያቄው እኔንም ስለሚነካኝ ነው። እኔ ስቈጥር አባቴንና አያቴን እጠራና ቅድመ አያቴ ላይ ስደርስ እቆማለሁ። ቅድመ አያቴ ገና ነፍስ ሳያውቅ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ሲያልፍ ታሞ፥ በአንድ የሚሲዮን ግቢ የቀረ ልጅ ነበር። ነጋዴዎቹ ከየት እንዳመጡት የጠየቃቸው ሰው የለም። ስሙንም ያወጡለት ያሳደጉት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የመስኮቡ ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪን ስለ ገዛ ቅድመ አያቱ የጀመረውን ልብ ወለድ ታሪክ በእንግሊዝኛ ትርጕም ባነበብሁ ጊዜ፥ ሌላው አንባቢ አልፎት በሚሄድ ስፍራ ላይ ዐይኔ ቀረ።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ስለ ፑሽኪን ቅድመ አያት የጻፉት ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከሩት «ከየት መጣ?» በሚለው ላይ ነው። ልብ ወለዱ ግን የሚያነሣው ሌላ ጥያቄ ነው፤ «አገሩን ማን አጠፋበት? አሁንስ ሰው መሆኑን ማን ይመሰክርለታል?» የሚል ነው። ደራሲው ይህን ጥያቄ በትክክል ጀመረው፤ ነገር ግን በአንድ ስፍራ ራሱ ረሳው። መጽሐፉ የሚመሰገንበትም የሚነቀፍበትም ምክንያት ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፥ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

፩ ስለ ሰውየው

አብርሃም ሐኒባል በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በአፍሪካ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ከአገሩ ተወስዶ ቁስጥንጥንያ ደረሰና በቱርኩ ሱልጣን ቤተ መንግሥት ተቀመጠ። በ1704 ሳቫ ራጉዚንስኪ የተባለ፥ ለመስኮብ መንግሥት የሚያገለግል ነጋዴ ከዚያ አውጥቶ ወደ ሞስኮ አመጣው። በ1705 በቪልና ከተማ ክርስትና ሲነሣ ንጉሡ ቀዳማዊ ጴጥሮስ ራሱ የክርስትና አባት ሆነው። ፑሽኪን እንደሚተርከው፥ ልጁ ጴጥሮስ የሚል ስም በወጣለት ጊዜ አለቀሰ፤ አዲሱንም ስም አልቀበልም አለ። ከዚያ ወዲያ ኢብራሂም ከሚለው ከቀድሞ ስሙ በወጣው በአብርሃም እየተጠራ ኖረ። የአባት ስም ሆኖ የተሰጠው ግን የንጉሡ ስም ነው። ሐኒባል የሚለውን የቤተ ሰብ ስም ደግሞ ካደገ በኋላ ያዘው።

እንግዲህ ሦስቱን ስሞች እንመልከት። አንዱን በልቅሶ አስቀረው፤ ሁለተኛው ከንጉሡ መጣለት፤ ሦስተኛውን ካደገ በኋላ ጨመረው። የወላጅ አባቱ ስም ግን ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ አይገኝም። በእኛ ልማድ የአንድ ሰው ስም ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር ሲጠራ ሦስት ትውልድ በአንድ ትንፋሽ ይነገራል። የሐኒባል ስም ግን ሙሉውን ሲጠራ የሚናገረው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሐኒባል በ1717 ከጴጥሮስ ጋር ወደ ፈረንሳይ ሄዶ የመድፍና የምሽግ ትምህርት ተማረ፤ በ1723 ተመለሰ። ጴጥሮስ በ1725 ከሞተ በኋላ ጠላቶቹ በረቱበትና በ1727 ወደ ሳይቤሪያ ተሰደደ። የጴጥሮስ ልጅ ኤልሳቤጥ ከነገሠች በኋላ ግን የጄኔራልነት ማዕርግ አገኘ፤ ዛሬ ታሊን በምትባለው በሬቫል ከተማም አዛዥ ሆነ። በ1781 ሞተ። የልጁ የኦሲፕ ልጅ ናዴዥዳ በ1799 ፑሽኪንን ወለደች።

፪ ስለ ትውልድ አገሩ ክርክር

ሐኒባል ስለ ትውልዱ ራሱ የሰጠው ቃል በ1742 ለኤልሳቤጥ ባቀረበው ማመልከቻ ውስጥ ይገኛል። የመኳንንት መብትና የቤተ ሰብ ዓርማ እንዲፈቀድለት ሲጠይቅ፥ ከአፍሪካ መሆኑን፥ በዚያ አገር ከመኳንንት ወገን መሆኑን፥ የተወለደውም በአባቱ ግዛት ላጎን በምትባል ከተማ መሆኑን ገለጸ። አቢሲኒያ የሚል ቃል በማመልከቻው ውስጥ የለም። በዓርማው ላይ ዝኆንና አምስት የላቲን ፊደሎች ይታያሉ፤ ፊደሎቹ ሲነበቡ «ፉሞ» ይላሉ።

ከሞተ በኋላ ሮትኪርክ የተባለው የልጁ ባል የሕይወት ታሪኩን በጀርመንኛ ጻፈ። አቢሲኒያዊ ነው የሚለው ቃል የሚገኘው በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ይኸው ጽሑፍ አንድ የሚያሳዝን ታሪክም ይነግረናል። ሕፃኑ በመርከብ ሲወሰድ የምትወደው እኅቱ እየዋኘች ተከተለችው፤ ስሟም ላጋን ይባል ነበር ይላል። ፑሽኪን ከቤተ ሰቡ እጅ ያገኘው ታሪክ ይህ ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ በአንዱ ጽሑፍ ላጎን የከተማ ስም ነው፤ በሌላው ጽሑፍ ላጋን የእኅት ስም ነው። ሰውየው ከትውልድ አገሩ ይዞት የመጣው ምናልባት አንድ ቃል ብቻ ይሆናል። ያንንም ቃል አንዱ ከተማ አደረገው፤ ሌላው ደግሞ እኅት አደረገው።

በ1899 ዲሚትሪ አኑቺን የተባለው የመስኮብ ሊቅ የጀርመንኛውን ጽሑፍ ተከትሎ፥ ላጎን ማለት ከመረብ ማዶ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ የሚገኘው ሎጎ ነው ሲል ጻፈ። በ1964 የታተመው የቭላዲሚር ናቦኮቭ ሐተታ የአቢሲኒያን አሳብ ተጠራጥሮ፥ ቦታውን በቻድ ሐይቅ በኩል በሎጎን ወንዝ አካባቢ መፈለግ እንደሚቻል አመለከተ። በ1990ዎቹ ደግሞ የቤኒን ተወላጅ የሆነው ዲዩዶኔ ኛማንኩ ሰፊ ጥናት አድርጎ፥ ቦታው በሰሜን ካሜሩን የምትገኘው ሎጎን ቢርኒ ናት አለ። ፉሞ የሚለውም ቃል በዚያ አገር በኮቶኮ ቋንቋ የትውልድ አገር ማለት ነው ብሎ አስረዳ። ፊደሎቹ ዕድል ሕይወቴን ለወጠችው የሚል አሳብ ያለው የላቲን ዐረፍተ ነገር መነሻዎች ናቸው የሚሉም አሉ። የኛማንኩን ማስረጃ ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ተቀብለውታል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ፑሽኪንን እንደ ወገናችን መቍጠር የጀመርነው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። በአዲስ አበባ በሳር ቤት በኩል በስሙ የሚጠራ አደባባይ አለ፤ በአስመራም ሐውልት ቆሞለታል። ታላቅ ሰውን መውደድ አይነቀፍም። ነገር ግን አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። የእኛን ወገን የደገፈው አኑቺን የሚመራው በዘመኑ በነበረው የሰውን ዘር በደረጃ በሚመድበው ትምህርት ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ባለቅኔ ከሌላው ጥቁር ሕዝብ ይልቅ የሐበሻ ዘር ይስማማዋል የሚል ዝንባሌ ነበረው። እንዲህ ባለ ሚዛን የተመዘነ ክብር ለእኛም ክብር አይሆንልንም። ሐኒባል የካሜሩን ሰው ሆኖ ቢገኝ ከፑሽኪን ቅኔ አንዲት ቃል አትጐድልም።

ከዚህ በላይ ደግሞ ክርክሩ አንድ ነገር ይሸፍናል። በካርታ ላይ ያለውን ነጥብ ስንፈልግ፥ ነጥቡ የጠፋው በራሱ ጊዜ ይመስለናል። የሐኒባል አገር ግን እንደ መርፌ በሣር ውስጥ የጠፋ አይደለም። ሕፃኑን የወሰዱት፥ የሸጡት፥ ያጓጓዙትና የተቀበሉት ሰዎች ነበሩ። ከየት እንደ መጣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ያውቁ ነበር፤ ግን ለእነርሱ ጥቅም ስላልነበረው የመዘገበ አልተገኘም። ፑሽኪን በልብ ወለዱ የደረሰበት እውነት ይህ ነው።

፫ ስለ ልብ ወለዱ

ፑሽኪን ልብ ወለዱን በ1827 ጀመረ፤ ስድስት ምዕራፍና የሰባተኛውን መጀመሪያ ጽፎ ተወው። «የታላቁ ጴጥሮስ ጥቁር ሰው» የሚለውን አርእስት የሰጡት እርሱ በ1837 ከሞተ በኋላ ያሳተሙት ሰዎች ናቸው። ቢሆንም አርእስቱ ከታሪኩ ጋር ይስማማል፤ «የማን ሰው ነህ?» ለሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ገጽ መልስ ይሰጣልና፤ የጴጥሮስ ነው።

ታሪኩ በፓሪስ ይጀምራል። ኢብራሂም ንጉሡ ለትምህርት የላከው ወጣት መኰንን ነው። ትልልቆቹ ቤቶች ሁሉ ይጋብዙታል። እርሱ ግን የሚጋብዙት እንደ ብርቅ አውሬ ሊያዩት መሆኑን ያውቃል፤ ማንም ዘወር ብሎ የማያየው ተራ ሰው ሁሉ ያስቀናዋል። በዚህ መካከል ሊዮኖራ የተባለች ባለ ባል የመኳንንት ሴት ከልቧ ትወደዋለች፤ እርሱም ይወዳታል። በኋላ ግን ትቷት ወደ መስኮብ ለመመለስ ሲቈርጥ በጻፈላት ደብዳቤ፥ የሰው ስም እንኳ በቅጡ የማይሰጠው ፍጡር ዕጣውን ከእንደ እርሷ ካለች ሴት ጋር ማገናኘት እንደማይገባው ይነግራታል። ይህ የራሱ አሳብ አይደለም፤ በሌሎች ዐይን ራሱን ማየት የተማረ ሰው አሳብ ነው።

በመስኮብ ሁለት ነገሮች ይቀበሉታል። የመጀመሪያው ንጉሡ ነው። ጴጥሮስ ክራስኖዬ ሴሎ ድረስ ወጥቶ ከትናንት ጀምሮ ሲጠብቀው ያገኘዋል፤ አቅፎም ራሱን ይስመዋል። ሁለተኛው ሥራ ነው። መስኮብ ለኢብራሂም ሁሉም በየቦታው ተቀምጦ የሚሠራባት ታላቅ የእጅ ሥራ ቤት መስላ ትታየዋለች። በዚያ ቤት ውስጥ ሰው የሚጠየቀው ምን መሥራት እንደሚችል ነው፤ ከማን እንደ ተወለደ የሚጠይቀው የለም። ብዙ አንባቢዎች የመጽሐፉ ትምህርት ይህ ነው ብለው በዚሁ ያቆማሉ፤ ዘሩን የማያውቅ ሰው በሥራው አገር ያገኛል ይላሉ። እኔም በመጀመሪያ እንዲሁ መስሎኝ ነበር።

ፑሽኪን ግን አላቆመም። በአምስተኛው ምዕራፍ ጴጥሮስ ራሱ ኢብራሂምን ይዞ የሚነግረው ነገር አለ፤ አንተ ወገንና ዘመድ የሌለህ ብቸኛ ሰው ነህ፥ ከእኔ በቀር ለሁሉም ባዕድ ነህ፥ እኔ ዛሬ ብሞት ነገ ምን ይውጥሃል፥ ስለዚህ ሳይመሽ ከመስኮብ መኳንንት ጋር በጋብቻ ተዛመድ ይለዋል። ንጉሡ ይህን ሲናገር የራሱን ስጦታ ድካም ያውቃል። ሥራም ሆነ የንጉሥ ፍቅር ሰውን ለጊዜው ያስቀምጠዋል፤ ዘመድ ግን አይሆነውም። ታሪኩም እንዲህ ሆነ፤ ጴጥሮስ ሲሞት እውነተኛው ሐኒባል ወደ ሳይቤሪያ ሄደ።

ጴጥሮስ ቃሉን እንደ ፈጸመ ርዠቭስኪ ከሚባል የጥንት መኳንንት ቤት ሄዶ ናታሊያን ለኢብራሂም ይለምንለታል። ከዚያ በኋላ ቤተ ሰቡ በሩን ዘግቶ የሚመክርበት ክፍል ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጠው ነው። የልጅቱ አክስት ታትያና ትጮኻለች። አባትየው ሊያጽናናት ብሎ፥ ሰውየው ከተራ ዘር አይደለም፥ የጥቁሮች ንጉሥ ልጅ ነው፥ ማርከው በቁስጥንጥንያ ሸጡት፥ መልእክተኛችን አግኝቶ ለንጉሡ ሰጠው እያለ ይተርክላታል። አክስቲቱ ግን አቋርጣ፥ የቦቫንና የየሩስላንን ተረት ሰምተነዋል ትለዋለች። እነዚህ በመስኮብ ሕዝብ ዘንድ የታወቁ የጀግኖች ተረቶች ናቸው።

ይህች አጭር መልስ የብዙ ሊቃውንትን መጽሐፍ ትመዝናለች። አባትየው የተናገረው ሐኒባል በ1742 ማመልከቻው ከተናገረው አይለይም። የንጉሥ ልጅ መሆኑ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ አባቱን የሚያውቅ፥ ቀብር ወይም ሠርግ ላይ አብሮ የተቀመጠ አንድም ሰው የለም። ምስክር የሌለው ትውልድ እውነት ቢሆንም እንኳ ተረት ይሆናል። ፑሽኪን ይህን ከገዛ ቤቱ ያውቀዋል። በ1830 ቡልጋሪን የተባለው ጋዜጠኛ የባለቅኔው ቅድመ አያት በአንድ ጠርሙስ ሮም የተገዛ ነው ብሎ ተሳልቆበት፥ ፑሽኪንም በግጥም መልሶለታል።

ደራሲው በዚሁ ምዕራፍ ሌላ ሰውም አስገብቷል። ናታሊያ የምትወደው ቫሌሪያን፥ በንጉሡ ላይ ካመፁት ወታደሮች ወገን የተወለደ ወላጅ አልባ ልጅ ነው። አባቱ በዓመፁ ጊዜ የርዠቭስኪን ሕይወት ስላዳነ፥ ልጁን ርዠቭስኪ በቤቱ አሳደገው። ዛሬ ግን የተኵላ ግልገል ይባላል። የዚህ ልጅ ትውልድ አልጠፋም፤ አባቱ ማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የሚጠሉትም ስለሚያውቁት ነው። ፑሽኪን ሁለቱን ሰዎች ፊት ለፊት ሲያቆማቸው የሚያሳየን ግልጽ ነው። የትውልድ መታወቅ ብቻውን ሰውን ዘመድ አያደርገውም፤ አለመታወቁም ብቻውን ባዕድ አያደርገውም። ዘመድ ወይም ባዕድ የሚያደርጉት በተዘጋው በር ውስጥ ተቀምጠው የሚመክሩት ሰዎች ናቸው።

፬ ስለ ሁለቱ ሕፃናት

እስከዚህ ድረስ ያለው ምስጋና ነው። አሁን ወደ ነቀፋው እመለሳለሁ፤ ለዚህም ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ መመለስ ያስፈልጋል።

ሊዮኖራ ከኢብራሂም ትፀንሳለች። የሚወለደው ሕፃን ምስጢሩን እንደሚያወጣው የታወቀ ስለ ሆነ አስቀድሞ ምክር ተደረገ። የምጡ ቀን ባልየው ከቤት እንዲርቅ ይደረጋል። ጥቁር ወንድ ልጅ ይወለዳል። ኢብራሂም ቀርቦ በሚንቀጠቀጥ እጁ ይባርከዋል። ከዚያ ሕፃኑ ክዳን ባለው ቅርጫት ተደርጎ በስውር ደረጃ ከቤት ይወጣል፤ ከአንዲት ድኻ ሴት የተገኘ ሌላ ሕፃንም በቦታው ይተኛል። ባልየው ሲመለስ ልጅ ተወለደልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ጥቁሩ ሕፃን በሩቅ አውራጃ እንዲያድግ መደረጉን ደራሲው ባጭር ቃል ይነግረናል። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ወደ መስኮብ ይሻገራል፤ ሁለቱም ሕፃናት ይረሳሉ።

አንባቢ የተደረገውን ያስተውል። ትውልዱ ስለ ጠፋበት ሰው የሚናገረው መጽሐፍ፥ በዐይናችን ፊት ትውልዳቸው የሚጠፋባቸው ሁለት ሰዎች ያደርጋል። አንደኛው አባቱን ሳያውቅ በሩቅ አገር ያድጋል፤ ሁለተኛው የእርሱ ያልሆነ የዘር ሐረግ ይዞ የመኳንንት ልጅ ሆኖ ያድጋል። የጥቁሩ ሕፃን አባት ደግሞ በልጅነቱ ተወስዶ የተሸጠው ኢብራሂም ነው። በእርሱ ላይ የተደረገው በልጁ ላይ ሲደረግ በክፍሉ ውስጥ ነበረ። ባረከው፤ ነገር ግን አላስቀረውም። ደራሲው እንደሚለውም ጥቂት ተረጋግቶ ሄደ።

ትውልድ እንዴት እንደሚጠፋ ከዚህ የበለጠ ያሳየ ጽሑፍ አላነበብሁም። ባሕር አያስፈልገውም፤ ጦርነትም አያስፈልገውም። አንድ ቅርጫት፥ አንድ ደረጃ፥ ዝም የሚሉ ጥቂት ሰዎችና የሚጠበቅ አንድ ክብር ይበቃሉ። በዚያ ክፍል የነበሩት ሁሉ ክፉዎች አልነበሩም፤ እናትየዋም ታለቅስ ይሆናል። ሁሉም ግን ሕፃኑ የማን እንደ ሆነ ዐውቀው እንዳይታወቅ አደረጉ። ነቀፋዬም በዚህ ላይ ነው፤ ፑሽኪን ይህን ያህል አይቶ ሳለ ሕፃኑን እንደ ዕንቅፋት ከመንገድ አነሣው። ለእርሱ ቁም ነገሩ የኢብራሂም ጋብቻ ሆነ፤ ከአባትየው ይልቅ ጥያቄው የሚገባው ለሕፃኑ ሆኖ ሳለ ዞር ብሎ አልጠየቀውም።

መልስ የሚሰጠኝ ሰው ምን እንደሚል ዐውቃለሁ። መጽሐፉ አላለቀም፤ ሕፃኑ በሃያኛው ምዕራፍ ተመልሶ ይመጣ እንደ ሆነ በምን ታውቃለህ ይለኛል። ይህ ተገቢ መቃወሚያ ነው። ነገር ግን ፑሽኪን በ1827 ለአንድ ወዳጁ ስለ አሳቡ ሲነግረው፥ የታሪኩ ዋና ነገር የኢብራሂም ሚስት ሳትታመንለት ነጭ ልጅ መውለዷ እንደሚሆን ገልጾለት ነበር። ይህም ሐኒባል ከግሪካዊት የመጀመሪያ ሚስቱ ጋር ከነበረው ጠብ የተወሰደ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ወደዚያ ቢደርስ የምናገኘው ጥቁሩን ሕፃን ሳይሆን ሌላ ሦስተኛ ልጅ ነበር፤ እርሱም አባቱ የሚያጠራጥር ሕፃን ነው። ደራሲው ለምን ተወው ለሚለው ብዙ መልስ ይሰጣል። እኔ ከመጽሐፉ ተነሥቼ የምለው አንድ ነው። ጴጥሮስ በሰጠው ስም የኖረ ሰው በጋብቻ ዘመድ ያገኛል ወይ የሚለው ጥያቄ ሲደርስ፥ ታሪኩ መልሱን ሳይናገር ቫሌሪያን በር ሲገባ ያቆማል። ያልተመለሰው ጥያቄ ይህ ነው።

፭ ወደ እኛ ስንመለስ

ይህን ትችት በመስኮብ ብቻ ላቆመው አልወድም፤ የእኛም አገር ሰዎች እንዲህ ያለ ቅርጫት ተሸክመዋልና። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው። ከዚያ በፊት ከየአገሩ ተወስደው በሌላ ስም ያደጉ ልጆች ተወላጆች ዛሬ በየከተማው አሉ። «ዘር ከልጓም ይስባል» እንላለን። ዘሩን ያጠፉበትን ሰውስ ማን ይሳበው?

ለዚህ ጥያቄ የቀድሞ ሰዎች ያለ መልስ አልቀሩም። የጡት ልጅ የሚባለው ልማድ አለ፤ በማር የተነከረ ጣት አጥብቶ በምስክር ፊት ልጅ ማድረግ ነው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ያለው ጉዲፈቻም ልጁን ሙሉ የቤቱ ልጅ ያደርገዋል፤ የ1992 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕግ ራሱ የሚጠቀምበት ቃል ይኸው ነው። በእነዚህ ልማዶች ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ማሩ አይደለም፤ ምስክሩ ነው። በርዠቭስኪ ቤት የጐደለው ነገር በእነዚህ ልማዶች ተሟልቶ ይገኛል፤ ጐረቤት ተሰብስቦ ከዛሬ ጀምሮ የእገሌ ልጅ ነው ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ተረት ነው የሚል አይኖርም።

ነገር ግን ልማዱ ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። በእኛ ዘመን በሺህ የሚቈጠሩ የኢትዮጵያ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካና ወደ ኤውሮፓ ሄደዋል። ብዙዎቹ ቤትና ፍቅር አግኝተዋል። አንዳንዶቹ ግን ካደጉ በኋላ መጥተው ሲፈልጉ፥ በወረቀታቸው ላይ ሞቷል የተባለውን ወላጅ በሕይወት አግኝተውታል። በ2010 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ ለውጭ አገር ሰው የሚደረገው ጉዲፈቻ ቀርቷል። እነዚህ ወጣቶች የሚፈልጉት በካርታ ላይ ያለ ነጥብ ብቻ አይመስለኝም። የሚፈልጉት ያን ወረቀት ማን እንደ ጻፈው፥ ማንስ ዐውቆ ዝም እንዳለ የሚነግራቸው ሰው ነው። ለልጅ ቤት መስጠት ትልቅ ነገር ነው፤ የመጣበትን አጥፍቶ መስጠት ግን የሊዮኖራ ቤት ሰዎች ያደረጉትን መድገም ነው።

እንግዲህ ስለ ሐኒባል ስንከራከር አንድ ነገር ብናስብ መልካም ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ለተወሰደ አንድ ልጅ የእኛ ነው ብለን አደባባይ ሰይመናል፤ የልጁ የልጅ ልጅ ታላቅ ሆኗልና። ታላቅ ሰው ያልወጣላቸው ግን እልፍ ናቸው። ዛሬ በሠርግ ምክር ላይ «ዘሩ አይታወቅም» ተብሎ ከበር የሚመለሰው ሰው የዚያው የሐኒባል ወንድም ነው። ፑሽኪንን የእኛ የምንለው ከልባችን ከሆነ፥ በታትያና አፍ የወጣውን ቃል በእኛ ቤት ልንተወው ይገባል።

በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ሳለሁ በአሮጌው መዝገብ የቅድመ አያቴን ስም አየሁት። በአባት ስም ስፍራ የተጻፈው የግቢው በር ጠባቂ የነበሩት ሽማግሌ ስም ነው። ያሳደጉትና በሠርጉ ቀን አባት ሆነው የቆሙለት እርሳቸው ነበሩ። በትውልድ አገር ስፍራ ግን ምንም የለም፤ ባዶ ነው። ቀድሞ ያ ባዶ ስፍራ ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ግን ሳስበው ኀፍረቱ የእኔ አይደለም። ነጋዴዎቹ ያውቁ ነበር፤ ሊጠይቃቸው የሚችል ሰውም በግቢው ውስጥ ነበር። ሽማግሌው ግን ስማቸውን ሰጡ፥ በምስክር ፊትም ቆሙ። እኔም «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ የምጠራው እርሳቸውን ነው።